ልጄ ከተመለሰ፤ ከአፉላ እስከ መጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቤት

በአፉላ ከተማ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን ሞዓዶን በማኅበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ አውቶቡስ ተከራይተን የአንድ ቀን ሽርሽር እንወጣለን። ወዴት እንሂድ በሚለው ላይ የሚነሣው ክርክር ግን ከሽርሽሩ ራሱ ይረዝማል። ቄሳችን ዘወትር ኢየሩሳሌም ይላሉ። እናቶች ለጉልበት ይበጃል ብለው የጥብርያን ፍል ውኃ ይመርጣሉ። ወንዶቹ ደግሞ የትም ቢሆን ግድ የለንም፣ ብቻ ዳገት አይኑረው ባዮች ናቸው። በ2019 የጸደይ ወራት እኔ በበኩሌ ሬሖቮት የሚገኘውን የሐይም ቫይጽማንን ቤትና አትክልቱን እንይ የሚል አሳብ አቀረብኩ። እውነቱን ለመናገር ካሰብኩት ነገር ግማሹ ቡና ነበር። ከሞዓዶናችን ሰዎች ብዙዎቹ ሬሖቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር ዘመድ አላቸው፤ ከጉብኝቱ በኋላ ዘመድ ጠይቀን፣ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን ብዬ ነው።

«ሰውዬው ማን ናቸው?» አሉኝ።

«የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው።»

«ናሲ ማለትሽ ነው? ንጉሥ ነበሩ በይን።»

ይህን ጥያቄ በየጊዜው እሰማዋለሁ። በዕብራይስጥ ናሲ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ለነገድ አለቃ የሚሰጥ ስም ስለሆነ ሽማግሌዎቻችን ቤተ መንግሥት፣ ዙፋንና ደጅ ጠኚ ይታያቸዋል። የእስራኤል ናሲ ግን ጦር አያዝም፣ ግብር አይጥልም። የሚመርጠው ክኔሴት ነው፤ ዛሬ ባለው ሕግ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለ7 ዓመት ይሾማል። ከምርጫ በኋላ መንግሥት እንዲያቋቁም ለአንዱ የክኔሴት አባል ኃላፊነቱን ይሰጣል፣ የዳኞችን ሹመት ይፈርማል፣ ምሕረት ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው እኛን በቀጥታ ይነካናል። በወጣትነቱ በአንድ ጥፋት የተፈረደበትና የወንጀል መዝገቡ ሥራ እንዳይቀጠር የከለከለው ሰው መዝገቡ እንዲሰረዝለት የሚያመለክተው ለፕሬዚዳንቱ ነው። እኔም ለአፉላ ወጣቶች እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አውቃለሁ። ይህን ሳስረዳቸው አንድ አባት «እንግዲያው ይቅር ለማለት የተቀመጠ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አውቶቡሱ ጠዋት በ7 ሰዓት ከአርሎዞሮቭ መንገድ ተነሣ። ሰዓቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናቶቻችን ግን ከሌሊቱ በ10 ተነሥተው ዳቦውን ቆራርሰው ጨርሰዋል። ከኤሜክ ይዝሬኤል ሜዳ ወጥተን በ6 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጓዝን። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አንድ የቀድሞ ወታደር ቤተ መንግሥት ስለሚባል ነገር ሲያወሩ ሄዱ። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበሩ። ጃንሆይ የ25 ዓመት የንግሥ በዓላቸውን ለማክበር በ1955 ያሠሩትን የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከውጭ በአጥሩ በኩል ያውቁታል። «መስከረም 12 ቀን 1974 እንደ ፈረንጅ፣ ያን ሁሉ መኪና የነበራቸውን ንጉሥ በአንዲት ቮልስዋገን አሳፍረው ወሰዷቸው» አሉና ዝም አሉ። ያ ቤት በኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ሙዚየም ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ወታደራችን ይህን ሳይሰሙ አረፉ።

ግቢ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ግቢ ማለት ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ አጥር ያለው፣ ዘበኛ የቆመበት፣ ሰው ከውጭ ሆኖ ደጅ የሚጠናበት። እዚህ የመጣን ጊዜ ደጅ መጥናቱ አልቀረም፤ ከየሚስራዱ በር ላይ ቁጥር ይዘን ተቀመጥን። ስለዚህ አንድ የፕሬዚዳንት ግቢ በሩ ተከፍቶ፣ የታዘዝነውም ነገር ሳይኖር በእግራችን ስንገባበት እናቶች እርምጃቸውን አዘገዩ። አንዷ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሙ። «ግቡ እናቴ፣ ለሁሉም ክፍት ነው» ብል «ማን ፈቀደልን?» አሉኝ።

ቤቱ ያለው በቫይጽማን የሳይንስ ተቋም ግቢ ውስጥ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው። በ1936 እና በ1937 ሲሠራ ዙሪያው የብርቱካን እርሻ ነበር። ሠሪው ኤሪክ ሜንደልሶን የሚባል ከናዚ ጀርመን የሸሸ አርክቴክት ነው። ይህ ስም ለእኛ ባዳ ቢመስልም ሥራውን እናውቀዋለን፤ በሐይፋ ያለውን የራምባም ሆስፒታል የጥንት ሕንፃ የነደፈው እሱ ነው። ከአፉላ ሪፈራል ተጽፎለት ራምባም ያልሄደ ማን አለ? ቤቱ ነጭ ነው፤ መካከሉ ላይ ደረጃ የያዘ ክብ ግንብ ቆሟል፤ አንዳንዶቹ መስኮቶች እንደ መርከብ መስኮት ክብ ናቸው። ክፍሎቹ አንድ ውስጠኛ አደባባይ ከበው የተሠሩ ሲሆን በአደባባዩ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የጎንደር ሰው ሳቁ። «ይሄማ የፋሲል መዋኛ ነው፤ ትንሽ ሆኖ» አሉ። ከዚያም አስጎብኚያችን ለሆነችው ወጣት እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። አጼ ፋሲል ጎንደርን የመሠረቱት በ1636 ነው፤ ግንቡን ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል የእኛ አባቶች እንደነበሩ በኛ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ ነው። ልጅቱ አዳመጠችና «እንግዲያው እርስዎ ለእኔ ቢያስጎበኙኝ ይሻላል» አለቻቸው። በሥራዬ ብዙ አስጎብኚ አይቻለሁ፤ እንዲህ የምትል ግን ጥቂት ናት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ግድግዳውን ሁሉ በጣታቸው እየመቱ ሲፈትሹ ዋሉ።

ቫይጽማን የተወለዱት በ1874 ዛሬ ቤላሩስ በሚባለው አገር ሞቶል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እናታቸው 15 ልጆች ወልደዋል። በ11 ዓመታቸው ለትምህርት ከቤት ወጡ። የኬሚስትሪ ሊቅ ሆነው በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ሲያስተምሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እንግሊዞች ባሩድ ለመሥራት አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ቸገራቸው። ቫይጽማን በቆሎንና ሌላ እህልን በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ አብላልተው አሴቶን የሚያወጡበትን መንገድ አገኙ። ይህን ስተረጉም «በቆሎውን ጠንስሰው» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እናቶች ተያዩ። «ጠላ ነው እንዴ የጠመቁት?» «ጌሾ ጨምረውበታል?» «እንዲህማ ከሆነ እኛም ፕሮፌሰሮች ነን!» ሳቁ በረከተ። ሆኖም ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ አሠራሩ ከጥንስስ ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። ይህ ሥራ በእንግሊዝ ሹማምንት ዘንድ እንዲታወቁ ረዳቸው፤ ኅዳር 2 ቀን 1917 የባልፎር መግለጫ የወጣውም በእሳቸው ብርቱ ጥረት ነው።

ባለቤታቸው ቬራ ሐኪም ነበሩ። ማንቸስተር ውስጥ የነፍሰ ጡር እናቶችንና የሕፃናትን ጤና ይከታተሉ ነበር። በ1920 ዊጾን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ናቸው። ዊጾ ሲባል የማያውቅ የለም፤ ስንቶቻችን ልጆቻችንን በዊጾ ማዖን አስቀምጠን ሥራ ሄደናል። የቤቱን ዕቃ፣ ምንጣፉን፣ ሥዕሉን፣ የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ሁሉ እያየን ስናልፍ እናቶች ስለ ቫይጽማን ከጠየቁት ይልቅ ስለ ቬራ ብዙ ጠየቁ። እቃውን ማን ይወለውል ነበር? ምግቡን ማን ይሠራ ነበር? ፕሬዚዳንቱ እንግዳ ሲበዛባቸው ይቆጡ ነበር? አንዳንዱን አስጎብኚዋ መለሰች፣ አንዳንዱን በፈገግታ አለፈችው።

የካቲት 1949 የመጀመሪያው ክኔሴት ቫይጽማንን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ታመው ስለነበር አብዛኛውን የሹመት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ በሬሖቮት ቤት ነው። ሥልጣኑም የክብር ብቻ በመሆኑ ሲያዝኑ ነበር ይባላል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ይትስሐቅ ቤን ጽቪ፣ ከዚህ ቀደም መልካቸው በ100 ሼቄል ኖት ላይ የነበረው ማለት ነው፣ ኢየሩሳሌም ረሐቪያ ሰፈር እንግዳ የሚቀበሉት በእንጨት ጎጆ ነበር። የአሁኑ የፕሬዚዳንት ቤት በታልቢያ ሰፈር የተከፈተው በሦስተኛው ፕሬዚዳንት በዛልማን ሻዛር ዘመን ነው። ከቤቱ አጠገብ የፎርድ ኩባንያ ለቫይጽማን የሰጣቸው ሊንከን መኪና ቆሞ ይታያል። የቀድሞው ሾፌራችን ጎማውን፣ መሪውንና መብራቱን መረመሩ፤ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። «ይህችን አስነሥታለሁ» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

እዚህ ድረስ ቀኑ እንደ ማንኛውም ሽርሽር ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ ስንደርስ አስጎብኚያችን የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አሳየችን። የቫይጽማን ትንሹ ልጅ ሚካኤል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። በየካቲት 1942 ከፈረንሳይ በስተ ምዕራብ ባለው በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲበር ጠፋ። ዕድሜው 25 ነበር። ሬሳው አልተገኘም፤ በመዝገብም «የጠፋ» ተብሎ ተጻፈ። አባቱ መሞቱን ሙሉ በሙሉ ተቀብለው አያውቁም። በኑዛዜያቸው ውስጥም ልጃቸው አንድ ቀን ቢመለስ ብለው ድርሻውን አስቀመጡለት።

ይህን ተርጉሜ ስጨርስ ከኋላዬ ምርኩዝ ሲወድቅ ሰማሁ።

እኒህን እናት ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። አፉላ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ማዕሊት የለውም። በ1984 ከወገራ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን ገቡ። ባላቸው በመንገድ ሞቱ፤ ተቀበሩ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና የ17 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው ኡምራኩባ መጠለያ ደረሱ። በዚያ ክረምት ኡምራኩባ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ይህን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ልጃቸው አንድ ቀን ጠዋት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሥራ ፈልጌ እህል ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። ጓደኞቹ ተመለሱ። በገበያ ውስጥ ተለያየን አሉ። ወር ሳይሞላ የእናቲቱ ስም ተጠራና በሌሊት መኪና ላይ ወጡ። «ልጄ ይምጣ» ብለው አልሳፈርም ቢሉ «እሱ በሚቀጥለው ይመጣል» ተባሉ። ዘመቻ ሙሴ ጥር 5 ቀን 1985 ቆመ። የሚቀጥለው አልመጣም።

እኔም በዚያው ዓመት በአምስት ዓመቴ በአጎቴ ትከሻ ሆኜ በሱዳን ነው የመጣሁት። ስለዚህ ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ስሕተቴን እናገራለሁ። በሱዳን መንገድ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ በ2007 መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን መንግሥት በተገኘበት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ቤተ ሰቦች የሟቾቻቸውን ስም አስመዝግበዋል። እኒህ እናት ግን አላስመዘገቡም። እኔ ስለ እሳቸው አስቤ ቅጹን ሞልቼ፣ ፊርማ ብቻ አስቀርቼ ቤታቸው ወሰድኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ። በትምህርት ቤት ሐዘን ካልተዘጋ ሰውን ይጎዳል ተብሎ ተምሬአለሁ፤ ሐዘናቸውን ልዘጋላቸው ፈለግሁ። ቡና አፈሉልኝ፣ ቅጹን አጥፈው ከጠረጴዛው ልብስ ሥር አስገቡት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መርዶ ሳይነገረኝ አንቺ ታረጂኛለሽ?»

መርዶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ያን ጊዜ ይለቀሳል፤ ሰባቱ ቀን ይቆጠራል፤ ተዝካሩም ይወጣል። መርዶ የሌለው ሞት እኛ ዘንድ ሞት አይደለም። እኔ ደግሞ አራት ኪሎ ወረቀት በቦርሳ የያዝኩ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ነው የታየኋቸው።

ወደ ሬሖቮት ልመለስ። ምርኩዛቸውን አንሥቼ ስሰጣቸው ልጅቱን ጠይቂልኝ አሉ። «አባትየው ለልጁ ለቅሶ ተቀምጠዋል?» ልጅቱ የቻለችውን ያህል መለሰች። «መቃብር አበጁለት?» መቃብር እንደሌለው ነገረቻቸው። እኔ በኋላ አንብቤ እንዳወቅሁት እንግሊዞች መቃብር ለሌላቸው የአየር ኃይል ሰዎች ለንደን አጠገብ ራኒሚድ በሚባል ስፍራ ትልቅ መታሰቢያ ሠርተዋል፤ ከ20 ሺህ በላይ ስም ተቀርጾበታል፤ የሚካኤልም ስም ከነሱ አንዱ ነው። የተመረቀው በጥቅምት 1953 ነው። አባቱ ያረፉት ኅዳር 9 ቀን 1952 ነው። ስሙ ከሙታን ጋር በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሳያዩ ሞቱ ማለት ነው።

ከቤቱ ወጥተን ወደ አትክልቱ ገባን። ሰፊ ሣር ነው፤ ዛፎቹ አርጅተዋል፣ ጥላቸው ሰፊ ነው። ሐይም ቫይጽማንና በ1966 ያረፉት ባለቤታቸው ቬራ የተቀበሩት እዚያው በአትክልቱ ውስጥ ጎን ለጎን ነው። ቄሳችን ጥቂት ቃል ጸለዩ። ሌሎቹ እናቶች ጤና አዳምና ዳማከሴ ፍለጋ በየቁጥቋጦው ጎንበስ ብለው ሲያሸቱ፣ ወንዶቹ ሣሩ ላይ ጋደም ሲሉ፣ እኒህ እናት ከመቃብሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

«ይህን ያህል የተማረ ሰው፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ፕሬዚዳንት የሆነ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ እሱም በር ሳይዘጋ ሞተ።»

ከዚያም፦ «ኑዛዜ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ቂርያት ሞሼ ገብተን ሦስት ቤት ቡና ጠጣን። የአውቶቡሱ ሾፌር ተቆጣ፤ በጨለማ አፉላ ገባን።

እዚህ ላይ ከጉብኝቱ ወጣ ብዬ ስለ ኑዛዜ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ በሥራዬ ላይ በዚህ ምክንያት የተበጣበጡ ብዙ ቤተ ሰቦች አጋጥመውኛልና። በእስራኤል ኑዛዜ፣ በዕብራይስጥ ጻቫአ የሚባለው፣ የሚመራው በ1965 በወጣው የውርስ ሕግ ነው። ሰው ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ፣ ፈርሞ ሊናዘዝ ይችላል። ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርማል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቻችን በዳኛ፣ በውርስ መዝጋቢ ወይም በኖታሪዮን ፊት በቃል መናዘዝ ይሻላል። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውም በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ መናገር ይችላል። ኑዛዜን ባለቤቱ በሕይወት እስካለ በፈለገው ጊዜ መለወጥ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ኑዛዜውን ያዘጋጀ፣ የመሰከረ ወይም በአሠራሩ ውስጥ የተካፈለ ሰው በዚያው ኑዛዜ የተሰጠው ነገር ውድቅ ይሆንበታል። እኛ ዘንድ እናት ጠበቃ ጋ ስትሄድ የሚያስተረጉምላት ማን ነው? ዕብራይስጥ የሚያውቀው ልጇ ነው። እሷን ሲረዳ የራሱን ድርሻ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ አስተርጓሚው ከውርሱ ምንም የማያገኝ ባዕድ ሰው ይሁን፤ ልጆች ከክፍሉ ውጭ ይጠብቁ።

እኒህን እናት ወደ ጠበቃ የወሰድኳቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያላቸው ንብረት ከአሚዳር የገዙት ያው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቤትና በፖስታ ባንክ ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ጠበቃው የልጆቻቸውን ቴውዳት ዘሁት ቁጥር ጠየቀ። የሁለቱን ሴቶች ሰጠን። የወንዱስ? ወንዱ ቁጥር የለውም። እስራኤል ገብቶ አያውቅም፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ እኒህ እናት የወለዱት ሁለት ልጅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እኔም ነገሩ ገባኝ። እኔ ይዤላቸው የሄድኩት ቅጽ ልጃቸውን የሚጽፈው በሟችነት ነበር፤ ሌላ የትም ቦታ አልተጻፈም። በዚህ አገር ወረቀት ላይ ስሙ በሕያውነት የሚሰፍርበት ብቸኛ ቦታ የእናቱ ኑዛዜ ሊሆን ነው።

ታላቂቱ ልጅ ይህን ስትሰማ ቢሮዬ ድረስ መጥታ አለቀሰች። «35 ዓመት የምንጦራት እኛ ነን። ሐኪም ቤት የምናመላልሳት እኛ ነን። እሱ ግን ሁልጊዜ ይበልጠናል» አለች። ምን እመልሳለሁ? እውነቷን ነው። የጠፋ ልጅ አያጠፋም፣ አይቆጣም፣ ስልክ ሳይደውል አይቀርም፤ ከእሱ ጋር መወዳደር አይቻልም። ልጅቱ በወንድሟ ስትቀና የኖረችው ዕድሜ ሁሉ በዚያ ቢሮ ውስጥ ወጣ። እኔም የተማርኩትን ነገር ሁሉ ትቼ አብሬያት ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ከእናቷ ጋር ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ጠበቃው ብልህ ሰው ነበር። ቤቱ ለሁለቱ ሴቶች ልጆች እኩል እንዲሆን፣ የፖስታ ባንኩም ገንዘብ በእነሱ እጅ እንዲቀመጥ፣ ወንድማቸው ከመጣ ግን ድርሻውን እንዲያስረክቡት አድርጎ ጻፈው። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ የተወለደበት መንደርና በትውልዱ ጊዜ የነበረው የቡሄ ዋዜማ ሳይቀር ገባ፤ የልደት ቀን ስለሌለው ነው። ምስክር የሆኑት ከአንድ ሕንፃ የሚኖሩ የሞሮኮ ተወላጅ ባልና ሚስት ናቸው። ታላቂቱ ልጅ በፊርማው ቀን ሥራ አስፈቅዳ እናቷን በመኪናዋ አመጣቻቸው። ድርሻዋ ውድቅ እንዳይሆን ወደ ውስጥ ሳትገባ የእናቷን የመድኃኒት ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። እናቲቱ በአውራ ጣታቸው ፈርመው ሲወጡ ጣታቸው ቀለም ነበር። ልጅቱ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ጠረገችላቸው።

የሄርጽል ተራራው ቅጽ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር ተሞልቷል፤ ፊርማው ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ይዤው አልሄድኩም።

ሰኔ 15 ቀን 2025 ከኢራን የተተኰሰ ሚሳይል የቫይጽማን ተቋምን መታ፤ ላቦራቶሪዎች ፈረሱ፣ የብዙ ዓመት ምርምር ተቃጠለ። በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እኒያ እናት ናቸው። እሳቸውም ያን ሰሞን ሳይረን በተሰማ ቁጥር ሦስት ፎቅ ወርደው መጠለያ መግባት ስለማይችሉ ደረጃው ላይ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። በሬዲዮ የሬሖቮትን ስም ሰምተው ነው። «የዚያ ልጁን የሚጠብቀው ሰውዬ አገር ነው የተመታው?» አሉኝ። የተመቱት ላቦራቶሪዎች መሆናቸውን ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ልዘጋ ስል አንድ ነገር ላማክርሽ አሉ። ኪራይም ቢሆን፣ ለውጥም ቢሆን፣ ምድር ቤት ያለ ቤት እንዲፈለግላቸው ይፈልጋሉ። ይህን ለዓመታት ስለምናቸው እምቢ ሲሉኝ የኖሩት ነገር ነው። በመጨረሻ ለራስዎ አዘኑ ብዬ ደስ አለኝ።

«ለእኔ አይደለም፣» አሉ። «አስቢው እስቲ፤ አሁን እኮ 58 ዓመት ሆኖታል። ይህን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጣዋል?»